“ላይብረሪያን ምን ያስተምራል?”

ባለፈው ሐሙስ የካሪኩለም ክለሳ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። የተገኘሁት እንኳ በአጋጣሚ ነው፤ አለቃዬ ሌላ ጉዳይ ስለነበረባቸው “አንቺ ሂጂና ተቀመጪልኝ” ብለውኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ክሬዲት አወር ከተነጋገርን በኋላ ሰብሳቢው “ሌላ ሐሳብ ያለው?” ሲሉ እጄን አወጣሁ። ሐሳቤ አጭር ነበር። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ዋና አሳይመንት ሲሰጣቸው ላይብረሪያን ከመምህሩ ጋር ክፍል ገብቶ መረጃ እንዴት እንደሚፈለግና እንደሚመዘን ያስተምር፤ ሰዓት ይመደብለት፤ ማርክም ይኑረው። በቃ ይኸው ነው።

አንድ በጣም የማከብራቸው ፕሮፌሰር ፈገግ ብለው “ላይብረሪያን ምን ያስተምራል? መጽሐፉን በሰዓቱ ያውጣልን እንጂ” አሉ። ቤቱ ሳቀ። የሚገርማችሁ እኔም ሳቅሁ። የተናደድኩት ታክሲ ውስጥ ነው። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ንዴት ነው፤ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ለማታውቁኝ፣ 18 ዓመት በዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ሠርቻለሁ። የካርድ ካታሎግ መሳቢያ ከመሙላት ጀምሬ፣ ሰርኩሌሽን ላይ ቆሜ፣ ሪፈረንስ ዴስክ ተቀምጬ፣ መሀል ላይ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ማስተርሴን ይዤ እዚህ ደርሻለሁ። ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በአንድ ዲፓርትመንት በጎ ፈቃድ ሪሰርች ሜተድ ኮርስ ላይ እየገባሁ ጥቂት ሰዓት አስተምራለሁ (ከእናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ የዚያ ክፍል ልጆች ናችሁ)። ብላክቦርዱ ፊት ስቆም “ቲቸር” ነኝ። ወጥቼ ጠረጴዛዬ ጋ ስቀመጥ ያው ልጅ መጥቶ “እህት፣ ቻርጀር መሰኪያ የት ነው?” ይለኛል። አልቀየመውም። ግቢው ያስተማረውን ነው የሚደግመው።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልግባ።

ባለፈው ሰኔ አንድ የማስተርስ ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ገጠር ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረ፣ ወረዳው ውል አስፈርሞ የላከው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ዲፌንሱ ላይ የውጪው ኤግዛሚነር ስልካቸውን አውጥተው ከሪፈረንስ ዝርዝሩ አንዱን ርዕስ ፈለጉት። የለም። ሁለተኛውን ፈለጉ። የለም። ሦስተኛው ላይ ደራሲው አሉ፣ ጆርናሉም አለ፣ ጽሑፉ ግን ተጽፎ አያውቅም። “ከየት አመጣኸው?” ሲሉት “ቻትጂፒቲ ነው የሰጠኝ” አለ። እውነቱን ነው የተናገረው። ቴሲሱ ወደቀ፤ አንድ ዓመት ተጨመረበት። ወረዳው ደግሞ ከተፈረመው ጊዜ በላይ ደመወዝ እንደማይከፍል በደብዳቤ አሳወቀው።

“ቲቸር፣ እኔ መስረቅ አልፈለግሁም” አለኝ። “የሌለ ጽሑፍ እንዳለ አድርጎ ሊሰጠኝ እንደሚችል ማን ነገረኝ?”

ማን ነገረው? ልነግረው የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ለእነሱ ባች ኦረንቴሽን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አዳራሹ ውስጥ 300 የሚሆን ሰው፣ አንዴ የሚሠራ አንዴ የሚጮህ ማይክ፣ የተሰጠኝ ጊዜ 40 ደቂቃ። ላይብረሪው ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ቦርሳ የት እንደሚቀመጥ፣ መጽሐፍ ያዘገየ ምን እንደሚቀጣ ተናገርኩ። ሰዓቱ አለቀ፤ አጨበጨቡልኝ። የዓመቱ ሪፖርት ላይ “ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የመረጃ አጠቃቀም ሥልጠና ተሰጥቷል” ይላል። የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

እርግጥ አድቫይዘሩ ፈርሟል፣ ዲፓርትመንቱም ፈርሟል። ከፈረሙት ውስጥ ግን ሪፈረንሱን አንድ በአንድ ያየ ሰው አልነበረም። ያንን ለማየት የሠለጠነው ሰው ደግሞ ፊርማው የሚፈለገው ክሊራንስ ላይ ብቻ ነው። አስቡት እስኪ፤ አብዛኛው ተማሪ ከላይብረሪያን ጋር በሕይወቱ ሁለቴ ነው የሚገናኘው። ሲገባ መታወቂያ ሲያሳይ፣ ሲወጣ ክሊራንስ ሲያስፈርም። በመሀል ያሉት አራትና አምስት ዓመታት የማን ናቸው?

የማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። የቴሌግራም ቻናል፣ የፎቶ ኮፒ ቤትና ከግቢው በር ውጪ ምሰሶ ላይ “ሪሰርች እናማክራለን” ብሎ ስልክ ቁጥሩን የለጠፈው ሰውዬ ናቸው። እኛ የተውነውን ክፍተት ገበያው አልተወውም።

ደግሞ ይሄ የእኛ ድህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን የሌለ የፍርድ ቤት ውሳኔ ጠቅሰው ለዳኛ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጠበቆች ናቸው እንግዲህ፤ ያውም የአሜሪካ። ይህንን ለዚያ ተማሪ ስነግረው ትንሽ ቀለል አለው፤ እነሱ ግን ቅጣቱን ከፍለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፣ እሱ ዓመቱን ነው የከፈለው።

ኢንፎርሜሽን ሊትረሲ የሚባለው ነገር ዛሬ የመጣ ፋሽን አይደለም። ቃሉን ፖል ዙርኮውስኪ የተባለ አሜሪካዊ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ እኛ ጋ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ እዚሁ አህጉራችን እስክንድርያ ላይ ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የላይብረሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን በጠሩት ስብሰባ መሠረታዊ ሰብአዊ መብት ነው ተብሏል። ትርጉሙ ከባድ አይደለም፤ ምን እንደማታውቅ ማወቅ፣ የት እንደሚገኝ ማወቅ፣ ያገኘኸውን መመዘን፣ ከማን እንዳገኘኸው መናገር።

“ይሄን እኮ እኛው እናስተምራለን” ይላሉ መምህራን። እስኪ ግቢውን አብረን እንዙር።

ሕግ ትምህርት ቤት እንጀምር። አንድ የአራተኛ ዓመት ልጅ ስለ ሠራተኛ ስንብት 30 ገጽ ጽፎ አመጣልኝ፤ ጥሩ አማርኛ፣ ጥሩ ክርክር። የተመሠረተው ግን በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ላይ ነው። ያ አዋጅ በ1156/2011 ተሽሯል! ልጁ ሰነፍ አይደለም። ጎግል ላይ ቀድሞ የመጣለት ፒዲኤፍ አሮጌው ነበር፣ ፒዲኤፉ ደግሞ “ተሽሬአለሁ” ብሎ አይናገርም። አንድ ሕግ ዛሬ በሥራ ላይ መሆኑን ከነጋሪት ጋዜጣ እንዴት እንደሚጣራ ማወቅ የሕግ ዕውቀት ነው ወይስ የመረጃ ዕውቀት? ሁለቱም ነው። ለዚህ ነው ሁለት ሰው ክፍል ይግባ የምለው።

ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንሂድ። በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ሲኒየር ኤሴይ ላይ “በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት” የሚል አገኛለሁ። በ2007 ዓ.ም. ያካሄድነው ምርጫ ነው ወገኖቼ! ቆጠራው የተጀመረው ግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዝኛው ሰነድ ላይ 2007 ተብሎ ስላለ ልጁ “ዓ.ም.” ጨምሮበት አለፈ። ስምንት ዓመት በአንዲት ምህጻረ ቃል ጠፋ። ከዚያ ቆጠራ በኋላ ሌላ ስላልተደረገ ደግሞ፣ ዛሬ የምንሰማው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። “ይህ ቁጥር ተቆጥሮ ነው ወይስ ተገምቶ?” የሚለውን ጥያቄ ተማሪው ከየት ይማረው? ከፓወር ፖይንት?

ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ጋ ስንደርስ የእኛ የራሳችን ጉድ አለ። ባሕሩ ዘውዴን የውጪ ዳታቤዝ ውስጥ “ባሕሩ” ብለህ ከፈለግህ ላታገኛቸው ትችላለህ፤ እነሱ በአባት ስም “ዘውዴ” ብለው ነው የሚያስገቡት። አገር ቤት ካታሎግ ላይ ደግሞ “ዘውዴ” ብለህ ከገባህ የሌላ ሰው መጽሐፍ ይወጣልሃል። ፊደሉስ? ዐፄ፣ አፄ፣ ዓፄ፣ አጼ፤ ኮምፒውተሩ አራት የተለያየ ቃል ነው የሚመስለው። አንዱን ጽፎ “ስለ ቴዎድሮስ የተጻፈ ነገር የለም” ብሎ የመጣ ተማሪ አስተናግጃለሁ። ስለ ቴዎድሮስ! ይሄን ችግር የሚያውቀው ማን ነው? ዕድሜውን ሙሉ ካርድ ሲጽፍ የኖረው ሰው ነው።

ጤና ግን የምር ያስለቅሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች አንዷ ነች። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጆርናሎችና መጻሕፍት ማለት ነው። ለግብርና አጎራ አለ፤ ያው ዓይነት ነው። የነርሲንግ ተማሪ ግን ጎግል ላይ ያገኘው ጽሑፍ “30 ዶላር ክፈል” ሲለው ተስፋ ቆርጦ፣ ከአብስትራክቱ ሦስት መስመር ወስዶ፣ ጽሑፉን ያነበበ አስመስሎ ይጠቅሳል። የመግቢያ ቃሉ እኔ ጋ ነው ያለው! ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። አንዳንድ መምህራንም መኖሩን የሚሰሙት ከእኔ ነው፤ ከሰሙ በኋላ “ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?” ሲሉኝ ዓመቱን መናገር ያሳፍረኛል።

አንድ ሰው ፒኤችዲ ስላለው ብቻ የኢንተርኔት ምንጭ መመዘን ይችላል የሚለውም እምነት እንደምታስቡት አይደለም። የስታንፎርዶቹ ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረጉት ጥናት አለ፤ 10 የታሪክ ፒኤችዲ ያላቸው ምሁራን፣ 25 የስታንፎርድ ተማሪዎችና 10 የእውነታ አጣሪ ባለሙያዎች ድረ ገጾችን እንዲመዝኑ ተደረገ። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹ ላይ ተተክለው፣ ሎጎውንና አቀራረቡን አይተው ብዙ ጊዜ ተሸወዱ። አጣሪዎቹ ወዲያው ገጹን ጥለው ወጥተው ሌላው ዓለም ስለዚያ ድርጅት ምን እንደሚል ጠየቁ፤ በአጭር ጊዜም ትክክለኛው መልስ ላይ ደረሱ። የኔ ፕሮፌሰር፣ ይሄ ለማንም ስድብ አይደለም። ሙያ ነው፣ ሙያ ደግሞ ይማሩታል።

ሌላም ልጨምር፤ ገንዘብ ተቀብለው ያለ ምንም ግምገማ የሚያትሙትን ጆርናሎች ዝርዝር ሠርቶ ዓለምን ያነቃው ማን ይመስላችኋል? ጄፍሪ ቢል፣ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሠራ የነበረ ላይብረሪያን! ዝርዝሩ ብዙ ክርክር አስነስቷል፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ አወረደው። ግን “ይሄ ጆርናል ማን ነው? አድራሻው የት ነው? የኤዲቶሪያል ቦርዱ ላይ የተጻፉት ሰዎች መጻፋቸውን ያውቃሉ?” ብሎ መጠየቅ የእኛ የዕለት ሥራ ነው። ከደመወዙ ቆጥቦ ለእንዲህ ዓይነት ጆርናል ዶላር ከፍሎ፣ ለዕድገት ሲያቀርበው “አይቆጠርም” የተባለ መምህር ስንት ነው? ሁሉም ከከፈለ በኋላ ነው እኔ ጋ የሚመጣው።

በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ፕሮግራም ሲመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። ኮርሶቹን አየሁ። ሎጂክ አለ፣ አንትሮፖሎጂ አለ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ አለ፣ ስፖርት እንኳ አለ፤ ጥሩ ነው፣ ልጆቹ ይሩጡ። መረጃ ስለመፈለግና ስለመመዘን ራሱን የቻለ አንድም ኮርስ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መውጫ ፈተና መጣና ነገሩ ሁሉ ወደ ሀንድአውትና ወደ ብሉ ፕሪንት ተሰበሰበ። ሳያነብ መመረቅ እየከበደ ሄዷል እንላለን፤ ምንጭ ሳይመረምር መመረቅ ግን ዛሬም ቀላል ነው።

ይሄ “ከማን አገኘኸው?” የሚለው ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም እኮ። የቆሎ ተማሪ ቅኔውን ሲያሰማ የዋሸራ ነው የጎንጅ ተብሎ ይጠየቃል። ድጓ አዋቂው የቤተልሔም ምስክር መሆኑን፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረው ዙር አባ መውረዱን በኩራት ይናገራል። መምህሩን ያልጠራ ሰው ዕውቀቱ አይታመንለትም። አያቶቻችን ያለ ዳታቤዝ የሠሩትን ነገር እኛ ፋይበር የተዘረጋበት ግቢ ውስጥ አጥተነዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይባላል፤ እኛ ላይብረሪያኖች አያያዛችን ደካማ ነው። “የእኔ ሥራ አይደለም” ብለን ጠረጴዛ ኋላ የተደበቅን ብዙ ነን። ሂናሪን ራሱ ከፍቶ የማያውቅ ባልደረባ አለኝ። አገራችን ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዚህ ሙያ ማስተርስ ታሠለጥናለች፤ ከማውቃቸው ምሩቃን ግን ባንክ የሄደው ላይብረሪ ከቀረው ይበልጣል። የቀረነውም ቢሆን ፈርተናል። ክፍል ገብቶ መቆም ያስፈራል፤ መጀመሪያ የገባሁ ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ ጠመኔው ሁለቴ ወድቆብኛል። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ “ላይብረሪያን ምን ያስተምራል?” ሲሉ ከባዶ ተነሥተው አይደለም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት።

ግን ያዩት ነገር እንዴት እንደመጣ ይጠየቅ። መምህሩ የሚያስተምርበት ሰዓት ሎድ ተብሎ ይቆጠራል፣ ሲበዛ ኦቨርሎድ ይከፈላል። እኔ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት አንድም ሰዓት የትም አልተቆጠረም። በመዋቅሩ ላይ “ድጋፍ ሰጪ” ነኝ፤ የምገመገመው በወጣና በገባ መጽሐፍ ብዛት ነው። እኔ ባገለገልኩበት ቦታ የመረጃ ሳይንስ ዲግሪ ያለው ሰው በር ላይ ቆሞ ቦርሳ እንዲፈትሽ ተመድቦ አይቻለሁ። ከዚያ “ለምን አያስተምሩም?” እንላለን። በ1950 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ላይብረሪ ያደራጀው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ እኮ ላይብረሪያን ነበር፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ታሪክ ያለ እሱ አይነገርም፤ ስለ ሥዕላችን የጻፈውን ዛሬም ምሁራን ይጠቅሱታል። በር ላይ አቁመውት ቢሆን ኖሮ?

“ኢንተርኔት በሌለበት፣ መብራት በሚጠፋበት አገር ይሄ ቅንጦት ነው” የሚለኝም አይጠፋም። ተገላቢጦሽ ነው ወንድሜ። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ኔት የሚያገኝ ተማሪ ነው እንዴት መፈለግ እንዳለበት ይበልጥ ማወቅ ያለበት።

ራሱን የቻለ ኮርስ ይከፈት ብዬም አልጨቃጨቅም። ኮርስ ከሆነ ሞጁል ይሆናል፤ ሞጁል ከሆነ ተሸምድዶ ይረሳል። የአዳራሹን ኦረንቴሽንማ ከነማይኩ ብታስቀሩልኝ ደስታዬ ነው። የምጠይቀው ሁለት ሰዓት ነው፤ በየዲፓርትመንቱ፣ ተማሪው እውነተኛ አሳይመንት በእጁ ይዞ ጭንቅ ውስጥ ባለበት ሳምንት፣ መምህሩ አጠገቤ ቆሞ። ሰው የሚማረው ሲቸግረው ነው። ከማርኩ ላይ አምስቱ ምንጩን እንዴት እንዳገኘና ለምን እንዳመነው ለሚያስረዳበት ገጽ ይሁን። ያ ሰዓት ደግሞ ለላይብረሪያኑ ሎድ ሆኖ ይመዝገብ። ያለዚያ እንደ እኔ ያሉ ሁለትና ሦስት ሞኞች በበጎ ፈቃድ ይሠሩታል፤ እኛ ጡረታ ስንወጣም ነገሩ አብሮን ይወጣል።

ያ ተማሪ የት ደረሰ ለምትሉኝ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ይመጣል። ከ64 ሪፈረንሱ 23ቱ የሌሉ ሆነው ተገኙ። አንድ በአንድ አውጥተን ጣልናቸው፤ አሁን በሚተኩት ላይ ነን። ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ አግኝቶ ሳላዝዘው የጆርናሉን አድራሻ መፈለግ ጀመረ። ምንም አላልኩትም፤ ሻይ አዘዝኩለት።

ከሐሙሱ ስብሰባ በኋላ አንድ ወጣት የሕግ መምህር ደውሎ “የኔን ክፍል ሁለት ሰዓት ውሰጂ” ብሎኛል። ማክሰኞ ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ላይብረሪው ሁለተኛ ፎቅ፤ 48 ተማሪ፣ የሚሠራ ኮምፒውተር 22። አሳይመንቱ ስለ ሠራተኛ ስንብት ነው። የግቢው ሰዎች መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ የሳቃችሁትም ጭምር። ፕሮፌሰሩን ጋብዣቸዋለሁ፣ “እስኪ እናያለን” ብለዋል። ኔትወርክ ከጠፋ ወደ አንደኛ ፎቅ እንወርዳለን፤ የነጋሪት ጋዜጣው ጥራዝ እዚያ አለ፣ አቧራውን ዛሬ አራግፌዋለሁ።